የአንባቢያን ጥያቄ፦ የግቢ ሣርና የአትክልት ሥራ ዋጋ በምን ይለካል?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ናቸው። ሣር ለማሳጨድ፣ የቁጥቋጦ አጥር ለማስከርከም ወይም መላ ግቢን ለማስዋብ ባለሙያ የጠሩ ሰዎች በአንድ ክልል ውስጥ እየኖሩ እጅግ የተራራቀ ዋጋ ስለተነገራቸው፣ ትክክለኛው ስንት እንደሆነ እንድንነግራቸው ጠይቀውናል። የዋጋ ዝርዝር ብናወጣ ቀለሙ ሳይደርቅ ይለወጥ ነበር፤ ስለዚህ ዋጋው ከምን ከምን እንደሚደመርና ጠያቂው ራሱ አስልቶ እንዴት ሊያጣራው እንደሚችል ማሳየቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ እኔና እህቴ የምንኖረው በአንድ ክልል ውስጥ ነው። የእኔም የእሷም ሣር 200 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ይሁንና እሷ ለአንድ ጊዜ አጨዳ የምትከፍለው እኔ ከምከፍለው እጥፍ ነው። የተታለለችው እሷ ናት ወይስ የእኔ አትክልተኛ የሚያጎድለው ሥራ አለ?

መልስ፦ ምናልባት ሁለቱም አይደለም። ብዙ ሰው የሚከፍለው ለሣሩ ይመስለዋል፤ ዋናው ሂሳብ ያለው ግን ከሣሩ ውጭ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው። ስለቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍን ማጨጃ ማሽን የሚገፋ ሰው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ በወረቀት ላይ 2,000 ካሬ ሜትር ያጭዳል። በየዙሩ ያለፈውን መስመር ጥቂት መደረብ፣ ዳር ላይ ደርሶ መዞርና የሣር መያዣውን ማራገፍ ስላለበት ይህን በግማሽ እንቀንሰው፤ 1,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ሂሳብ የእርስዎ 200 ካሬ ሜትር የሚፈጀው 12 ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው በመንገድ፣ ማሽን በማውረድና በመጫን፣ ማሽኑ የማይደርስበትን የግንብ ጥግና የዛፍ ዙሪያ በእጅ በማስተካከል፣ መተላለፊያውን በመጥረግ ነው። አትክልተኛው ከእርስዎ ጎረቤት ሌላ ሥራ ካለውና እህትዎ ዘንድ ለመድረስ ግን ለእሷ ብቻ ብሎ አርባ ደቂቃ መጓዝ ካለበት፣ የዋጋው ልዩነት የመንገዱ እንጂ የሣሩ አይደለም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሣር ረጅም እጀታ ባለው ማጭድ በሚታጨድበት ዘመን ሥራው የሠለጠነ እጅ የሚጠይቅ ነበር፤ አጫጆቹም ጤዛው ሳይረግፍ በማለዳ ይጀምሩ ነበር፤ እርጥብ ሣር ለስለት ስለሚመች። እ.ኤ.አ. በ1830 ኤድዊን ባዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ፣ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅን ገጽ የሚላጭ መሣሪያ አይቶ በዚያው ስልት የሚሠራ የሣር ማጨጃ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያ መሻሻል ሁሉ ያሳጠረው የአጨዳውን ጊዜ ነው። መንገዱን፣ የዳር ማስተካከሉንና ጥርጊያውን እምብዛም አላሳጠረም፤ ስለዚህ በሂሳቡ ውስጥ እነዚህ እየገዘፉ መጡ።

ከመንገድ ቀጥሎ የግቢው ቅርጽ ይመጣል። ገልጣጣና ደልዳላ ሜዳ በአንድ ትንፋሽ ይታጨዳል። በየሦስት ሜትሩ ዛፍ፣ የአበባ መደብና የድንጋይ ጌጥ ያለበት ግን ስፋቱ እኩል ቢሆንም ጊዜው ይረዝማል። የበሩ ስፋት እንኳ ዋጋ ይቀይራል፤ ትልቁ ማሽን የማያልፍበት በር ከሆነ ሥራው በትንሹ ማሽን ይሠራል። የታጨደው ሣር እዚያው ይቀራል ወይስ ተጭኖ ይወሰዳል የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለሚወሰደው ጆንያም፣ መኪናም፣ መድፊያ ቦታም ያስፈልጋል። እህትዎ የሚከፍሉት ይህን ሁሉ ጨምሮ ከሆነና እርስዎ ግን ሣሩን ራስዎ የሚያስወግዱ ከሆነ፣ ሁለቱ ዋጋዎች መጀመሪያውኑ የሚነጻጸሩ አልነበሩም።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ የምልልሱ ብዛት ነው። የሣር ዝርያዎች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። ቀዝቃዛ አየር የሚወዱት ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይፋፋሉ፤ ሙቀት የሚወዱት ደግሞ ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ባለው። ከሁለተኛዎቹ አንዱ እኛ ሰርዶ የምንለው ነው፤ አህያዋ «እኔ ከሞትኩ አይብቀል» ያለችው ይኸው ሣር በብዙ የዓለም ክፍል ለኳስና ለጎልፍ ሜዳ ተመርጦ ይተከላል። እንግዲህ አንድ ክልል ከፍታና ዝቅታ ካለው፣ በደጋው ሣሩ በሚተኛበት ወር በቆላው ሊፋፋ ይችላል፤ የአንዱ ግቢ በሳምንት አንድ ጊዜ የሌላው በወር አንድ ጊዜ ይታጨዳል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ትንሽ የሆነለት ሰው በዓመት ብዙ ከፍሎ ሊገኝ ይችላል።

ሣሩን በምን ያህል ቁመት እንደሚያቆዩትም ይመልከቱ። በሙያው የታወቀው ደንብ በአንድ አጨዳ ከሣሩ ቁመት ከሢሶው በላይ አለመቁረጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሥሩ ይደክማል፣ ሣሩም ይገረጣል። በዚህ ደንብ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቆይ ሣር 9 ሲደርስ ይታጨዳል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቆይ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲደርስ። የመጀመሪያው በሁለት አጨዳ መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ሁለተኛው የዚያን ግማሽ። ስለዚህ ሣሬ እንደ ስጋጃ ተላጭቶ ይታይልኝ ያለ ሰው፣ ሣሩ በእኩል ፍጥነት የሚያድግ ከሆነ፣ አትክልተኛውን እጥፍ ጊዜ ይጠራል። ዝርያው የሚፈቅድልዎ ከሆነ ሣሩን ጥቂት ከፍ አድርጎ ማቆየት እኔ ከማውቃቸው የወጪ መቀነሻዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ከእህትዎ ጋር ስትነጻጸሩም የአንድ ጊዜውን ዋጋ ትታችሁ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታሳጭዱ ቁጠሩና ድምሩን አስተያዩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ሣር 60 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። የጠራኋቸው ሁሉ ግን ለትልልቅ ግቢ ከሚጠይቁት እምብዛም ዝቅ አይሉልኝም። ይህ ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ ከላይ ባለው ስሌት የእርስዎ ሣር የአራት ደቂቃ ያህል ሥራ ነው። ሠራተኛው ግን ለአራት ደቂቃ ሥራ መንገዱን አያሳጥርም፤ ማሽኑንም በአራት ደቂቃ ነዳጅ ብቻ አያመጣውም። ባለሙያዎች ከዚህ በታች አንወጣም የሚሉት ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅር ቢያሰኝም አግባብ አለው። ሊቀንሱ የሚችሉት የመንገዱን ድርሻ በመካፈል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች በአንድ ቀን፣ በተከታታይ ሰዓት ለአንድ አትክልተኛ ሥራ ከሰጣችሁ የመደራደር አቅሙ በእናንተ እጅ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ለ60 ካሬ ሜትር ሞተር የሌለው፣ በእጅ የሚገፋና ስለቱ የሚሽከረከር ማጨጃ ገዝቶ ራስን መቻልም አይከብድም፤ ስለቱ በየጊዜው መሳል እንዳለበት ግን አይርሱ፤ የዶለዶመ ስለት ሣሩን ይተለትለዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ በማግስቱም ጫፉ ነጥቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ 150 ካሬ ሜትር የሆነ የፊት ለፊት ግቢ አለኝ። ላዩ የደቀቀ ጠጠርና ፍርስራሽ የተቀላቀለበት አፈር ነው። ያንን አስነሥቼ፣ መልካም አፈር አስሞልቼ፣ ሣርና ጥቂት ቁጥቋጦዎች ማስተከል፣ ከበሩ እስከ ቤቱም የእግር መንገድ ማሠራት አስቤ ከሦስት ተቋራጮች ፕሮፎርማ ተቀበልኩ። የርካሹ ዋጋ የውዱ ግማሽ ነው። ሦስቱም የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፦ «አፈር ማንሣት፣ አፈር መሙላት፣ ሣር መትከል፣ መንገድ መሥራት»። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ እንዳሉት የተጻፈ ከሆነ ሦስቱንም ለማመን ገና ነው፤ ምክንያቱም ከአራቱ ሐረጎች አንዱም ቁጥር የለውም። በዚህ ሥራ ውስጥ ዋጋ የሚደበቀው ከመሬት በታች ነው። ሣሩ በተነጠፈ ማግስት፣ ከሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ያለውና 15 ሳንቲ ሜትር ያለው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ዝናቡ ሲያባራ ነው። በ150 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት 7 ሜትር ኩብ ተኩል አፈር ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 22 ሜትር ኩብ ተኩል። አንደኛው ተቋራጭ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን አስቦ ከሆነ ሁለቱም «አፈር መሙላት» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ዋጋው ሳይሆን ጥልቀቱ ይሁን፤ ጥልቀቱም ሲጠቀጠቅ ነው ወይስ ሲደፋ የሚለው አብሮ ይጻፍ፤ የተደፋ አፈር ውኃ ሲጠጣ ቁጭ ይላልና።

በሚነሣው ፍርስራሽ ላይ የሚያጋጥመው ክርክር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ሲቆፈር አፈር ይነፋል፤ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ሩብ ያህል መጨመሩ የተለመደ ነው። ከመሬትዎ 22 ሜትር ኩብ ተኩል ቢቆፈር መኪና ላይ የሚጫነው ወደ 28 ይጠጋል። ተቋራጩ በምልልስ ቁጥር የሚያስከፍልዎ ከሆነና እርስዎ በጉድጓዱ ይዘት ካሰሉ፣ በመካከላችሁ ያለው ልዩነት ይኸው ነው። በየትኛው እንደሚለካ ቁፋሮው ሳይጀመር ቢስማሙ ከብዙ ንዝንዝ ይድናሉ።

የእግር መንገዱም እንደዚሁ ነው። ከላይ የሚታየው ድንጋይ ወይም ንጣፍ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ መንገዱን ለዓመታት ደልዳላ አድርጎ የሚያቆየው ከሥሩ በየንብርብሩ የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ሲሆን፣ ለእግረኛ መንገድ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ርካሹ ፕሮፎርማ ንጣፉን በቀጥታ በአሸዋ ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ በጥቂት ዝናብ ውስጥ ይዋልላል። ውኃው ወዴት እንደሚሄድም ያስጽፉ፤ መሬቱ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ይህን የሚዘነጋ ተቋራጭ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ግድግዳዎ ግን ይከፍላል።

ወደ ሣሩ ስንመጣ ትዕግሥት ገንዘብ የሚሆንበት ቦታ እዚህ ነው። ከነሥሩና ከነአፈሩ ተገሽልጦ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚመጣው ሣር በአንድ ቀን ግቢውን ያለብሰዋል፤ ከሁሉም ውዱም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ለወራት ያደገበትን መሬት፣ ውኃና ማዳበሪያ፣ የጭነቱንም ክብደት ጭምር ይከፍላሉ። እንደ ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ የሚራባ ዝርያ ከሆነ ግን ቁራጭ ቁራጩን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ማስተከል ይቻላል፤ በካሬ ሜትር 11 ቁራጭ ያህል፣ ለ150 ካሬ ሜትር ደግሞ ወደ 1,650 ይደርሳል። እስኪገጥም ድረስ ወራት ይፈጃል፤ በመካከሉም አረም የሚነቅል ሰው ያስፈልጋል፤ የአረሙን ጉልበት ያልደመረ ሰው ርካሽ የመሰለው ዘዴ ይወደድበታል።

ስለ ቁጥቋጦዎቹ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ግቢዬ ቶሎ ሞላ ብሎ እንዲታይ ፈልጌ ችግኞቹን አጠጋግቼ አስተክዬ ነበር፤ የተከለልኝም ሰው አልከለከለኝም፣ የሚሸጠው ችግኝ ነበርና። በሦስተኛው ዓመት ግማሹን ለማስነቀል ሌላ ሰው ከፈልኩ። ችግኝ የሚተከለው ሲያድግ በሚይዘው ስፋት ነው፤ ባዶ የመሰለው መሬት በጉዝጓዝ፣ ማለትም በደረቅ ቅጠል ወይም ሣር፣ ይሸፈን። ፕሮፎርማው ላይ የችግኝ ብዛት ሲያዩ የእያንዳንዱን ሙሉ ዕድገት ስፋት ይጠይቁና በመሬትዎ ላይ በኖራ ክብ አስምረው ይዩት።

ጥያቄ፦ ከአትክልተኛው ክፍያ ይልቅ የውኃው ከበደኝ። ሣሩን አንሥቼ ሁሉንም በጠጠር ብሸፍነው ከወጪ እገላገላለሁ?

መልስ፦ ከአንዱ ተገላግለው ሌላው ዘንድ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ምን ያህል ውኃ እንደሚያጠጡ ይለኩ። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ልክ 1 ሊትር ነው። በሞቃትና ደረቅ ወቅት ለሣር እንደ መነሻ የሚያዘው፣ ዝናቡን ጨምሮ፣ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለ150 ካሬ ሜትር በሳምንት 3,750 ሊትር ማለት ነው። ሣርዎ ላይ ጎናቸው ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮዎች በየቦታው ያስቀምጡና ውኃ መርጫውን ለ15 ደቂቃ ይክፈቱት፤ ከዚያ በማስመሪያ ይለኩ። ብዙ ሰው ይህን ሲያደርግ አንዱ ቆርቆሮ ሞልቶ ሌላው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ባዶውን ቦታ ለማርካት ሲባል የሞላው ቦታ በከንቱ ይጥለቀለቃል። መርጫውን ማስተካከል ሣሩን ከማንሣት እጅግ ይቀላል። በማለዳ፣ አልፎ አልፎ ግን ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣትም ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ግን ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል።

ጠጠርን በተመለከተ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለ100 ካሬ ሜትር 5 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ ክብደቱ ወደ 8 ቶን ይጠጋል፤ የማጓጓዣው ዋጋም ከርቀቱ ጋር ይጨምራል። ጠጠር አረም አያበቅልም የሚባለውም እስከ ጊዜው ነው፤ አቧራና ቅጠል በመካከሉ ሲከማች ዘር ያርፍበታል፤ ከጠጠር ውስጥ አረም መንቀል ደግሞ ከአፈር ውስጥ ከመንቀል ይብሳል። ፀሐይ ሲመታውም ይግላል፣ ሙቀቱንም ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል።

እኔ የምመክርዎ በሣሩ ላይ የሚቀመጡበትንና ልጆች የሚጫወቱበትን ቦታ ለይተው እንዲያስቀሩ፣ ማንም የማይረግጠውን ጥግ ግን ለቁጥቋጦና ለተክል ለቀው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ እንዲሸፍኑት ነው፤ ጉዝጓዙ ግን ከግንዱ ጋር አይነካካ፣ ያበሰብሰዋልና። ዳገት ካለ ደግሞ በ3 ሜትር አግድም ከ1 ሜትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ሣሩን ይተዉት። በማሽን ማጨዱ ለሠራተኛው አደገኛ ነው፤ በእጅ ማጨዱም በየጊዜው ያስወጣል። መሬት ለባሽ ተክል ለዚያ ቦታ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት የዓመት ውል እንድፈርም ጠይቆኛል፤ በየወሩ እኩል ክፍያ። በየጊዜው እየጠሩ መክፈል ይሻላል ወይስ ውሉ?

መልስ፦ ዓመቱን ሙሉ ሣሩ በእኩል የሚያድግ ከሆነ ውሉ ምቾት ነው። በዓመቱ ውስጥ የሚያንቀላፋበት ጊዜ ካለ ግን እኩል ክፍያው የሚሠራው የደረቁ ወራት ክፍያ የለምለሙን ወራት ብዛት የሚያካክስ ከሆነ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «አስፈላጊ ሲሆን ይታጨዳል» የሚል ሐረግ ካዩ በእሱ ምትክ በየወሩ ስንት ጊዜ እንደሚመጡ፣ በድምሩም በዓመት ስንት እንደሚሆን ያስጽፉ። በዝናብ የቀረ ቀን ይተካል ወይስ ይዘለላል የሚለውም አይረሳ። በዚያ ወር ባይመጡስ? ይህ ያልተጻፈበት ውል ለአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ነው።

በውሉ ውስጥ ማዳበሪያ ተካቶ ከሆነ መጠኑን ራስዎ ያስሉ። ለአንድ ዙር የተለመደው በካሬ ሜትር 5 ግራም ያህል ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በካሬ ሜትር 11 ግራም ይበቃል፤ ለ150 ካሬ ሜትር ከ1.6 ኪሎ ግራም ብዙም አያልፍም። በሂሳቡ ላይ 50 ኪሎ የሚይዝ ሙሉ ጆንያ ከተመዘገበብዎ ለሠላሳ ዙር የሚበቃ ከፍለዋልና የቀረው የት እንደሄደ ይጠይቁ። ሁሉም ተበትኖ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሣሩ ይቃጠላል። የታጨደውን ሣር በቀጭኑ እዚያው ማስቀረት ሣሩ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን እስከ ሩብ የሚደርሰውን ይመልስለታል፤ ማስወገጃውም አብሮ ከሂሳቡ ይወጣል፤ ስለዚህ ሣሩ ካልታመመ በቀር «ታጭዶ ይወሰዳል» የሚለውን አንቀጽ ቢያስወጡት ዋጋው ሊቀንስልዎ ይገባል።

ዛፍ መቁረጥ በዚህ ውል ውስጥ ተጨምሮ ካዩ ግን ለብቻው ያስወጡት። የሣር አጫጅ ሁሉ የዛፍ ባለሙያ አይደለም፤ ከፍታ ላይ የሚሠራው ሥራም የራሱ ጥንቃቄና የሠራተኛ መድን ያስፈልገዋል። የዛፉን አናት በአንድ መስመር ቀጥ አድርጎ መግመስ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከተቆረጠው ላይ በደካማው የተያያዙ ብዙ ቀንበጦች ያወጣል፣ ጉቶውም ይበሰብሳል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ለዚያው ዛፍ እንደገና ይከፍላሉ። በአንድ ወቅት ከሕያው ቅርንጫፉ ከሩብ በላይ እንዳይነሣ ያስጠንቅቁ፤ መጋዙ ከመነሣቱ በፊትም ቆራጩ ከዛፉ ሥር ቆሞ የትኛው ቅርንጫፍ፣ ከየት ላይ፣ ለምን እንደሚቆረጥ በጣቱ እያመለከተ ያስረዳዎት።